የመበለቲቱ ዘይትና የጎረቤቶቿ ማድጋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ለድሀ መመጽወት የክርስቲያን ሁሉ ግዴታ መሆኑን ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል የሚጠራጠር አይገኝም። ጌታችን መድኀኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 እንዳስተማረን፣ በፍርድ ቀን የምንጠየቀው ስለ ተራበው፣ ስለ ተጠማው፣ ስለ ታረዘው፣ ስለ ታመመውና ስለ ታሰረው ወንድማችን ነው፤ ለእነዚህ የተደረገውንም ለራሱ እንደ ተደረገ ይቈጥረዋል። ስለዚህ ምጽዋት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚል ክርክር በመካከላችን የለም። ዳሩ ግን ልንመረምረው የሚገባ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የምንሰጠው ምጽዋት ድሀውን ወዴት ያደርሰዋል የሚል ነው።

በዓል በደረሰ ጊዜ በየደብሩ ቅጥር ዙሪያ ተሰልፈው የሚቀመጡትን ነዳያን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። እናውቃቸዋለን ማለታችን ግን ፊታቸውን ነው እንጂ ስማቸውን አይደለም። በየወሩ በእመቤታችን በዓል ቀን ለአንዲት እናት ዐሥር ዓመት ሙሉ ሳንቲም የሰጠ ሰው፣ ሴትዮዋ ከወዴት እንደ መጣች፣ ምን ሙያ እንዳላት፣ የማን ዕዳ እንዳለባት ጠይቋት አያውቅም። በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን አድጎ በዚያው በቅጥሩ ሥር እጁን ሲዘረጋ ደግሞ እናያለን። እንግዲህ ልጅ የእናቱን የልመና ስፍራ እስኪወርስ ድረስ የምንሰጠው ስጦታ ምንም ካልለወጠ፣ ጉድለቱ በምጽዋት ትእዛዝ ሳይሆን በእኛ አሰጣጥ መሆኑን ልናስተውል ይገባናል።

ለዚህ ምርመራ መሪ የሚሆነን በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ በምዕራፍ 4 ከቁጥር 1 እስከ 7 የተጻፈው ታሪክ ነው። ከነቢያት ልጆች ወገን የሆነ አንድ ሰው ሞተ። ሰውዬው እግዚአብሔርን የሚፈራ ነበረ፤ ነገር ግን ለሚስቱና ለሁለት ልጆቹ ዕዳ ትቶላቸው ሄደ። አበዳሪውም ስለ ገንዘቡ ፈንታ ልጆቹን ባሪያዎች አድርጎ ሊወስዳቸው መጣ። መበለቲቱ ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ በጮኸች ጊዜ፣ ነቢዩ በቤቷ ያላት ምን እንደ ሆነ ጠየቃት። እርሷም ከአንዲት ማሰሮ ዘይት በቀር ምንም እንደሌላት ነገረችው። ከዚያም ከጎረቤቶቿ ሁሉ ባዶ ማድጋዎችን፣ ያውም ጥቂት ሳይሆን ብዙ አድርጋ እንድትዋስ፣ ከልጆቿም ጋር በሯን ዘግታ ዘይቱን በየማድጋው እንድትገለብጥ አዘዛት። እንዳዘዛትም አደረገች፤ ልጆቿ ማድጋውን ያቀርቡላት ነበር፣ እርሷም ትሞላ ነበር። ሌላ ማድጋ ባልተገኘ ጊዜ ዘይቱ ቆመ። ነቢዩም ዘይቱን ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍልና በተረፈው ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ነገራት።

ምእመናን ሆይ፤ ይህ ታሪክ የተአምር ታሪክ ነው፤ ተአምራቱም የእግዚአብሔር ብቻ ነው። ነገር ግን እግዚአብሔር ተአምራቱን የፈጸመበት መንገድ ለእኛ ትምህርት ሆኖ ተጽፏል። ነቢዩ ከሰማይ ወርቅ አውርዶ ለአበዳሪው ሊሰጠው ይችል ነበር። በዚህ ፈንታ ሦስት ነገር አደረገ፤ እኛም ሦስቱን በየተራ እንመልከት።

አንደኛ፤ ነቢዩ ድሀዪቱን ያላትን ጠየቃት።

እኛ ድሀን ስናይ የምናየው የጎደለውን ነው። ልብስ የለውም፣ ቤት የለውም፣ እንጀራ የለውም እንላለን። ኤልሳዕ ግን የጠየቀው ስላላት ነገር ነው። እርሷ እንኳ ከቍጥር ያላስገባቻት አንዲት ማሰሮ ዘይት የመዳኗ መነሻ ሆነች። በየቅጥሩ ሥር ከሚቀመጡት መካከል ፈትል የምትፈትል፣ እንጀራ የምትጋግር፣ ሸማ የሚሠራ፣ እንጨት የሚጠርብ፣ ንብ ማነብ የሚያውቅ፣ መጽሐፍ የሚደጕስ ስንት ሰው እንዳለ ማን ቈጥሮታል? ከገጠር በድርቅ ተሰድዶ የመጣው ገበሬ መሬቱ ቀርቶበታል እንጂ ዕውቀቱ አልቀረበትም። ያለውን ሳንጠይቅ የጎደለውን ብቻ የምንሞላለት ከሆነ፣ እግዚአብሔር በእጁ ያስቀመጠለትን መክሊት እኛ ራሳችን በመሬት እንደ ቀበርንበት ይቈጠራል።

ሁለተኛ፤ ነቢዩ ወደ ጎረቤቶቿ ላካት።

ዘይቱ የእርሷ ነበረ፤ ማድጋው ግን የመንደሩ ነበረ። የአንዲት መበለት ቤት ማድጋዎች ምን ያህል ይይዙ ነበር? ጎረቤቶቿ ባዶ ማድጋቸውን ባያውሷት ኖሮ በረከቱ በዚያች በአንዲቱ ማሰሮ ልክ በቀረ ነበር። ያበደሯትም ወርቅና ብር አልነበረም፤ በየቤታቸው ጥግ ባዶውን የተቀመጠ ዕቃ ነበር እንጂ። የአንድ አጥቢያ ክርስቲያኖች ለድሀ ሊያውሱት የሚችሉት ብዙ ባዶ ማድጋ አለ። ሥራ የሌለበት የደብር አዳራሽ ማድጋ ነው። የነጋዴው ምእመን የገበያ ዕውቀት ማድጋ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው የቅዳሜ ከሰዓት ጊዜ ማድጋ ነው። ከሁሉም በላይ አባቶቻችን ያቈዩልን የኅብረት ልማዶች፣ እነርሱም ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ ዕቁብ፣ እድር፣ ደቦና ወንፈል ትልልቅ ማድጋዎች ናቸው። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ ነው ሲሉ አባቶች የተናገሩት ይህንኑ ነው።

ሦስተኛ፤ ነቢዩ እንድትሸጥ፣ ዕዳዋን እንድትከፍልና በተረፈው እንድትኖር አዘዛት።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ልብ እናድርግ። መሸጥ የተባለው ሰው የሚፈልገውን ነገር ይዞ ወደ ገበያ መውጣት ነው። ዕዳ መክፈል የተባለው ከሰው እጅ ነጻ መውጣት ነው። በተረፈው መኖር የተባለው ደግሞ ነገ ተመልሶ ወደ ነቢዩ ደጅ ለልመና አለመምጣት ነው። የተሰጣት ነገር በአንድ ቀን ተበልቶ ያለቀ አልነበረም፤ ልጆቿን ከባርነት አውጥቶ ቤቷን ያቆመ ነበር። የሥራ ፍሬ፣ ነጻነትና የማያቋርጥ ኑሮ፤ እነዚህ ሦስቱ የተሟሉለት ርዳታ ፍጹም ምጽዋት ይባላል።

ምናልባት አንዳንድ ሰው ይህ የዓለማውያን የንግድ ትምህርት ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ሥራ አይደለም ይል ይሆናል። እንግዲህ የአባቶቻችንን ታሪክ እንመልከት።

የማኅበር ኑሮ መሥራች የሆነው ታላቁ አባ ጳኵሚስ በ4ኛው መቶ ዓመት በላይኛው ግብፅ የነበረ አባት ነው። ገና አረማዊ ወጣት ሳለ በግድ ለውትድርና ተይዞ በእስር ቤት በተዘጋበት ጊዜ፣ የአገሩ ክርስቲያኖች ለማያውቋቸው እስረኞች መብል ይዘው መጡ። ጳኵሚስ ወደ ክርስትና የተሳበው በዚያ ምጽዋት ነው። በኋላም በጣቤኒስ ገዳም በመሠረተ ጊዜ መነኮሳቱ ምንጣፍና ቅርጫት እየሠሩ፣ እርሻ እያረሱ፣ የእጃቸውን ሥራ በዓባይ ወንዝ በጀልባ ወደ ገበያ እየላኩ፣ ራሳቸውን ችለው ከሚተርፈው ለድሆች ይሰጡ ነበር። አስተውሉ፤ አንድ ቀን በእስር ቤት እንጀራ የተቀበለው እጅ ለብዙዎች እንጀራ የሚሰጥ እጅ ሆነ። የምጽዋት መጨረሻው ይህ ነው፤ ተቀባዩን ሰጪ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ምስክራችን በቅዳሴው የምናውቀው ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ369 ገደማ በቀጰዶቅያ አገር ታላቅ ረኃብ በሆነ ጊዜ፣ ቅዱስ ባስልዮስ በስብከቱ የባለጸጎችን ጎተራ አስከፍቶ የተራቡትን ሰብስቦ መገበ። ይህ የአጣዳፊ ጊዜ ሥራ ነበር። ረኃቡ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩን በዚህ አላቆመም። በ370 ኤጲስ ቆጶስ ከሆነ በኋላ ከቂሣርያ ከተማ ውጭ ለእንግዶች ማደሪያ፣ ለሕሙማን መታከሚያ፣ ለለምጻሞች መጠጊያ የሆነ ታላቅ ሰፈር አሠራ። በዚያም ሐኪሞችና አስታማሚዎች ብቻ ሳይሆኑ የእጅ ሙያ የሚሠራባቸው ቤቶች ነበሩበት። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ያን ስፍራ አዲስ ከተማ ብሎ እስኪያመሰግነው ድረስ ስሙ ወጣ። እንጀራውንና ሙያውን፣ ሆስፒታሉንና የሥራ ቤቱን በአንድ ቅጥር ያኖረ ይህ አባት ቅዳሴ የደረሰልን አባት ነው። ስለዚህ ለድሀ የሥራ ቤት መክፈት ከመቅደስ መራቅ አይደለም።

ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ያለ ቢሆንም ለትምህርት የሚሆን አንድ ሌላ ታሪክ እንጨምር። ፍሪድሪክ ቪልሄልም ራይፋይዘን የተባለ ጀርመናዊ በቫየርቡሽ ወረዳ ሹም ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1846 እስከ 1847 ባለው ክረምት ረኃብ ሆነ። ይህ ሰው ከባለጸጎች ገንዘብ ሰብስቦ ዱቄት ገዛ፤ የጋራ መጋገሪያ ቤትም አሠራ፤ ድሆችም ዳቦውን በርካሽ ዋጋ በዱቤ ወሰዱ። በ1849 ደግሞ በፍላመርስፌልድ፣ ገበሬዎች ከብት የሚገዙት በአራጣ ዕዳ ተይዘው መሆኑን አይቶ፣ ከብት የሚያቀርብላቸው ማኅበር አቋቋመ። እነዚህ ሁሉ ግን በባለጸጎች ችሮታ ላይ የቆሙ ስለ ነበሩ፣ የባለጸጎቹ ትጋት በቀዘቀዘ ጊዜ ሥራውም ይቀዘቅዝ ነበር። ስለዚህ በ1864 በሄደስዶርፍ ገበሬዎቹ ራሳቸው አባላት የሆኑበት፣ የአንዱን ዕዳ ሁሉም በኅብረት የሚዋሱበት የብድር ማኅበር መሠረተ። ማኅበሩ አባላቱ እርስ በርስ በሚተዋወቁበት በአንድ አጥቢያ የተወሰነ ነበር። ሹሞቹም ያለ ደመወዝ ያገለግሉ ነበር። ከዚያ የወጣው ሥራ ወደ ብዙ አገር ተሠራጭቷል፤ ሰዎች ለጋራ ጥቅማቸው በማኅበር የሚደራጁበትን ይህን ልማድም ዩኔስኮ በ2016 ከማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፤ የሰጪው ልብ ሲሞቅ የሚሞቅ፣ ሲበርድ የሚበርድ ርዳታ ለድሀው ዋስትና አይሆነውም። ድሀው ራሱ የያዘው ማኅበር ግን ይዘልቃል።

ከአገራችንም ምስክር አለን። ወይዘሮ አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሲሄዱ፣ በወሎ ረኃብ ሰው ሲረግፍ ተመለከቱ፤ እናቷ የሞተችባትንም ሕፃን አገኙ። ሁለት ሕፃናትን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላም የልጆቹ ቍጥር ከ20 በላይ ሆነ። በዚህ ምክንያት የቀድሞ ቤታቸውንና የተደላደለ ኑሯቸውን አጡ። ነገር ግን ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥ ልጆቹን አሳደጉ። እያደገ በሄደውም ድርጅታቸው ሕፃናትን ማሳደግ ብቻ ሳይሆን፣ የሙያ ትምህርትና ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲኖር አደረጉ። እኒህ እናት በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ምእመናን ሆይ፤ ሴትዮዋ የሄዱት ለበዓል ነበር። ሌላውም ተሳላሚ በዚያው መንገድ ዐልፏል። ልዩነቱ፣ እርሳቸው ከበዓሉ የተመለሱት በረከትን በጠርሙስ ይዘው ብቻ ሳይሆን በክንዳቸው ታቅፈው መሆኑ ነው።

እንግዲህ መንገዱ ይህን ያህል የተገለጠ ከሆነ፣ ምን ይከለክለናል? ሦስት መሰናክሎች ይታዩኛል።

የመጀመሪያው መሰናክል የእጅ ሥራን መናቅ ነው። በአገራችን ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ቆዳ ፋቂውን በስድብ ስም እየጠሩ ማራቅ ረጅም ዘመን የቈየ በደል ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ከአንደበታችንና ከልባችን ግን ፈጽሞ ወጥቷልን? ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ጀበና ቡና ጠጥተን፣ በምጣዷ የተጋገረውን እንጀራ በልተን፣ ሸማኔው በሠራው ነጠላ ተሸፍነን ቤተ ክርስቲያን እንሳለማለን፤ ልጃቸውን ለልጃችን ለማጋባት ግን እንጠየፋለን። እግዚአብሔር የደብተራ ኦሪትን ዕቃ ለመሥራት ባስልኤልን በመንፈሱ እንደ ሞላው በኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 31 ተጽፏል። ጌታችን ራሱ በናዝሬት ጸራቢ ተብሎ ተጠርቷል። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ይሰፋ ነበር። ሙያን የሚንቅ ሰው እነዚህን ሁሉ እንደ ናቀ ይወቅ። ድሀውን ሥራ እንዲሠራ እየመከርን፣ ሲሠራ ደግሞ የምንንቀው ከሆነ፣ ልመና ከሙያ ይልቅ የተከበረ እንዲመስለው ያደረግነው እኛ ነን።

ሁለተኛው መሰናክል የሐዋርያውን ቃል ያለ ቦታው መጥቀስ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ በምዕራፍ 3 ሊሠራ የማይወድ አይብላ የሚል ትምህርት እንደ ሰጠ ይታወቃል። አንዳንድ ባለጸጋ ይህን እያነሣ ድሀውን ከደጁ ይመልሰዋል። ነገር ግን ሐዋርያው የተናገረው መሥራት ለማይወድ ነው እንጂ ሥራ ለታጣለት አይደለም። ለሥራ የሚሆን ቦታና መነሻ ሳይሰጡ ሥራ አልሠራህም ብሎ መክሰስ፣ ማድጋ ሳያውሱ ዘይት ለምን አልሞላሽም ብሎ መበለቲቱን እንደ መክሰስ ነው። ደግሞም ሽማግሌው፣ ዐይነ ስውሩ፣ የአልጋ ቍራኛው፣ የሚያጠባ ሕፃን ያላት እናት በጕልበታቸው ሊኖሩ አይችሉምና፣ ለእነዚህ የዕለት እንጀራ እስከ መጨረሻው ሊሰጣቸው ይገባል። የሥራ ማኅበር የሚቋቋመው የምጽዋትን እጅ ለማሳጠር አይደለም፤ መሥራት የሚችለው ሲቆም፣ የማይችለው ድርሻ እንዲበዛለት ነው።

ሦስተኛው መሰናክል የገንዘብ መተማመን መጥፋቱ ነው። በስንት ቦታ የተጀመረ መልካም ነገር በሣጥን ያዡ ምክንያት ፈርሷል! ይህ ነገር በሐዋርያት መካከል እንኳ ሳይቀር ታይቷል፤ ከረጢቱን የያዘው ይሁዳ ከሚገባው ይወስድ እንደ ነበረ ቅዱስ ዮሐንስ በምዕራፍ 12 ጽፏል። ስለዚህ ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ማንም ነቀፋ እንዳያገኝበት ቲቶንና አብያተ ክርስቲያናት የመረጧቸውን ወንድሞች አብሮ ላከ። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 6 እንደምናነበውም፣ ከግሪክ አገር ወገን የሆኑት መበለቶች በዕለት ምግብ ተረሱ የሚል ማጕረምረም በተነሣ ጊዜ፣ ሐዋርያት ማጕረምረሙን አልገሠጹም፤ ሰባት የተመሰገኑ ሰዎች አስመረጡ እንጂ። ሒሳብ መጠየቅ አለማመን አይደለም፤ ሒሳብ መስጠትም መዋረድ አይደለም።

አሁን ደግሞ አንድ አጥቢያ ይህን ሥራ በምን መጀመር ይችላል የሚለውን በአጭሩ እንመልከት። ትምህርት ያለ ሥራ እንዳይቀር፣ ከአቅማችን የማያልፈውን ምሳሌ እናንሣ።

በየመቅደሱ በየዕለቱ የምናበራው ጧፍ ከጥጥ ፈትልና ከንብ ሰም የሚሠራ ነው። ሁለቱም የአገራችን ፍሬዎች ናቸው። ፈትሉን የሚፈትሉ እናቶች በቅጥራችን ሥር ተቀምጠዋል። ሰሙን የሚሰጡ ንቦች ደግሞ አበባ ይፈልጋሉ፤ በጎንደርና በጎጃም በብዙ ስፍራ ነባር ደን የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ መሆኑ የታወቀ ነው። ከዚያ ደን አንድ ዛፍ ሳይቈረጥ ቀፎ ሊሰቀልበት ይቻላል፤ እንዲያውም ማር የሚገኝበትን ደን ማንም አይደፍረውም። እንግዲህ አንድ ደብር ጧፉን ሁሉ በራሱ አጥቢያ ካሉ ድሆች ማኅበር ልግዛ ብሎ ቢወስን፣ ማኅበሩ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የማይጠፋ ገዢ አገኘ ማለት ነው። ብዙ የሥራ ማኅበር የሚፈርሰው ሥራ ጠፍቶ ሳይሆን ገዢ ጠፍቶ ነውና። የድሀዪቱ እጅ የሠራው ጧፍ በቅዳሴ ጊዜ ሲበራ፣ ያ ብርሃን ምጽዋትም መሥዋዕትም ነው። እንደዚሁም የካህናት አልባሳት ስፌት፣ የዕጣን ማሸግ፣ ለማኅበርና ለሰንበቴ የሚሆን ዳቦና እንጀራ መጋገር፣ ለተዝካርና ለሰርግ ዕቃ ማከራየት፣ እነዚህ ሁሉ ገዢያቸው በደጅ ያለ ሥራዎች ናቸው።

መነሻውን ገንዘብ በተመለከተ ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 16 ያዘዘውን እናስብ፤ እያንዳንዱ በየሳምንቱ እሑድ እንደ አቅሙ እንዲያስቀምጥ ነበር ያዘዘው። እንበልና 20 እናቶች በየሳምንቱ 20 ብር ቢያስቀምጡ በሳምንት 400 ብር፣ በዓመት 20,800 ብር ይሆናል። ይህ ለባለጸጋ ትንሽ ነው፤ አንዲት ምጣድና አንድ ማዳበሪያ ጤፍ ለሚጎድላት እናት ግን ከአራጣ አበዳሪ እጅ የምታመልጥበት በር ነው። ድሀን በወለድ ማስጨነቅ በኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 22 የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ማኅበሩ ለአባላቱ ያለ ወለድ በተራ ያበድር። የተበደረች እናትም በየሳምንቱ ከሥራዋ ፍሬ ጥቂት በጥቂት ትመልስ፤ ቀጣይዋ እኅቷ የምትጠብቀው እርሷ የምትመልሰውን ነውና። ሣጥኑ ሦስት ቍልፍ ይኑረው፤ ቍልፎቹም በሦስት ሰዎች እጅ ይሁኑ። ሒሳቡ በየወሩ በሁሉም ፊት በቃል ይነበብ፤ ማንበብ የማይችሉም አሉና። ከሁሉ በላይ የማኅበሩ ባለቤቶች ድሆቹ ራሳቸው ይሁኑ። ካህኑ ይምከር፣ ይባርክ፣ ሲጣሉ ያስታርቅ፤ ባለጸጋው መነሻ ይርዳ፤ ነገር ግን ምን እንሥራ፣ ለማን እናበድር የሚለውን የሚወስኑት አባላቱ ይሁኑ። ያለዚያ ልመናው ስሙን ለወጠ እንጂ አልቀረም።

ከቅርብ ዓሥርት ዓመታት ወዲህ አንዳንድ እድሮች ከቀብር አልፈው ወላጅ ያጡ ሕፃናትንና ሕሙማንን መርዳት ጀምረዋል። ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። ሙታንን በክብር ለመቅበር የሚተባበር ሕዝብ፣ ሕያዋንን በክብር ለማኖር መተባበር እንዴት ያቅተዋል? ለተዝካር ከሚወጣውም ገንዘብ ጥቂቱ ለአንዲት መበለት የሥራ መነሻ ቢሆን፣ የሟቹ ስም በአንድ ቀን ማዕድ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ በዚያች ቤት ጸሎት ይታሰባል።

ካህናት አባቶች ሆይ፤ በመቅደስ ስለ ድሆችና ስለ መበለቶች ትጸልያላችሁ። ጸሎታችሁ ከመቅደስ ሲወጣ የሚያርፍበት ቦታ ይፈልጋል። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቅጥሩ ሥር ወደ ተቀመጡት ወርዳችሁ ስማቸውን ጠይቁ፤ ያላቸውንም ጠይቁ። የንስሓ ልጆቻችሁንም ምን ያህል መጸወትህ ብላችሁ ብቻ ሳይሆን ማንን አቆምህ ብላችሁ ጠይቋቸው።

ምእመናን ሆይ፤ በዚያች መበለት ቤት ዘይቱ መቼ እንደ ቆመ እናስታውስ። የእግዚአብሔር ቸርነት ስላለቀ አልቆመም፤ የቆመው ማድጋ ባለቀ ጊዜ ነው። ከጎረቤቶቿ አንዱ ማድጋ የለኝም ብሎ ዋሽቷት እንደ ሆነ፣ በዚያ ሰው ማድጋ ልክ በረከት ጎድሏል። ዛሬም አበዳሪው ልጆችን ሊወስድ በየቤቱ ደጅ ቆሟል፤ አንዱን ወደ ጎዳና፣ አንዷን ወደ ባዕድ አገር ሎሌነት ይነዳቸዋል። ዘይቱ ገና ይፈስሳል። የሚጠየቀው በየቤታችን ጥግ ባዶውን ስለ ተቀመጠው ማድጋ ነው። ለጎረቤት ያልተዋሰ ማድጋ በፍርድ ቀን ባዶውን ይገኛልና፣ ሳይመሽ እናውጣው።

የድሆች አባት፣ የመበለቶች ዳኛ የሆነ እግዚአብሔር የምንሰጥበትን ልብ፣ የምናስተውልበትንም ጥበብ ያድለን፤ በልመና የተዘረጉትን እጆች ለመስጠት የሚዘረጉ ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።